ከነልጅ ኮሌጅ መግባት፦ በጎንደር የቤተሰብ የትምህርት ቆይታ አዘገጃጀት

እዚህ የምናወራው ወላጅና ልጅ ጎንደር ባለ ኮሌጅ ማደሪያ እያደሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሥራ ስለሚሠሩበት ቆይታ ነው። ልጆች በአንዱ ክፍል ሲማሩ ወላጆች በሌላው ቡና የሚጠጡ ከሆነ ያ የክረምት ማጠናከሪያ ነው፤ ለሱ ማደር አያስፈልግም። ስሌቱ ለ12 ቤተሰብ፣ 48 ሰው ያህል (26 አዋቂ፣ 22 ልጅ)፣ ለሦስት ሌሊት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። ልጆች የሚያርፉት ክረምት ስለሆነ ሁሉም ሐምሌን ያስባል፤ ግን የመምህራን ኮሌጆች ማደሪያ በሐምሌና በነሐሴ በክረምት ሠልጣኞች ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ከአዳራሹ በፊት ማደሪያው የሚለቀቅበትን ቀን ጠይቁ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ስለማይቀምስ የምሳው ሰዓት ይፋለሳል፣ የተራበ ልጅም አይማርም። ከነሐሴ 17 በኋላ ያለው ሳምንት ይሻላል። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ደረቅ ስለሆነ ደጅ ለመሥራት ይመቻል፤ ብቻ ከጥር 11 ራቁ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ መኪና ማግኘት ፈተና ነው።

ዲኑ በቃል መፍቀዱ በር ላይ ላለው ጥበቃ ምንም አይደለም። የኮሌጁ የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ማደሪያው፣ ማብሰያ ቤቱ፣ የውኃ ታንከሩና ጄኔሬተሩ በስማቸው ይጻፉ፤ የልጆችንም ጨምሮ የስም ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱ ጥበቃው ጋ ይቀመጥ። ማደሪያውን በተመለከተ አንድ ወለል ሙሉ በሙሉ ለናንተ ይሁን። ይህ ካልተጻፈ የወንድና የሴት ማደሪያ የመለየት ደንብ ይመጣና አባት ከልጁ ተለይቶ ያድራል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሌሊት ሲነቃ ማንን ይጥራ?

ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ስጡ። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተደራራቢው አልጋ ላይ አይውጣ። ከሳምንት በፊት ሄዳችሁ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መገጣጠሚያ በባትሪ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው። የብረቱን መገጣጠሚያ በፈላ ውኃ ማጠብ ይረዳል፣ ፍራሹ ግን ይቀየር፤ በክረምት ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ ማለት ተስፋ ብቻ ነው። ጓጉንቸር እያንዳንዱ ቤተሰብ ይዞ ይምጣ። ለትንንሾቹ ፖፖም ይምጣ፤ የጨለማውን መጸዳጃ ፈርተው እስኪነጋ የሚይዙ ልጆች አሉ።

ውኃ በቧንቧ ይመጣል ብላችሁ አትቁጠሩ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብትይዙ 960 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሁለት ቀን ያደርሳችኋል፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ የሚሞላው ሰው ካሁኑ ይታወቅ። የሚጠጣውን በተከደነ ጀሪካን ለዩት። በውኃ አጋር የምታክሙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ልጆች የሚቀዱበት ቦታ ላይ 30 ደቂቃው ያልሞላ ጀሪካን አታስቀምጡ።

እንጀራ ለአዋቂ በአንድ ማዕድ አንድ፣ ለልጅ ግማሽ ነው፤ ይህ 37 ይሆናል፣ 40 በሉት። ምሳና እራት 80፣ ለቁርስ ፍርፍር 20፣ በቀን 100 እንጀራ። ጋጋሪዋን የእንጨት ምጣድ እንዳላት ጠይቁ፤ ካላት መብራት ቢጠፋም የተቦካው ሊጥ ሳይጋገር አይቀርም፣ የምሳ ሰዓት ላይም እንጀራ ፍለጋ ሰው አትልኩም። የሽሮ ዱቄት ለአንድ ሰው 50 ግራም ያህል ይበቃል። ለልጆቹ አልጫ ለብቻ ይሠራ። ማብሰያ ክፍል ያለውን መስመር ለምድጃ ብቻ ተዉት፤ ስልክ በዲቫይደር የሚሞላው ሌላ ክፍል ይሁን፣ አለዚያ ብሬከሩ ሲወርድ ወጡም ይቆማል።

በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት ስለሆነ የደጅ ሥራ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00 ይለቅ። ከምሳ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ንባብ፣ ስሌትና የእጅ ሥራ ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ግን ዝናብ ሲወርድበት መምህሩን አያሰማም፤ ለዚያ ሰዓት ንግግር አትመድቡ፣ ሁሉም በእጁ የሚሠራው ነገር ይኑር። ማታ መብራት ቢጠፋም አያቶች ተረት ለማውራት መብራት አይፈልጉም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለወላጅና ለልጅ የሚመቸው ከፍታ መለካት ነው። ካሬ ወረቀት በሰያፍ ጥግ ለጥግ አጥፋችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉት፤ ረጅሙ ጠርዝ ላይ ስትሮ፣ አንዱ አጭር ጠርዝ አጠገብ ዳዶ የታሰረበት ክር ይሁን። ክሩ ከአጭሩ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሲሆን ጠርዙ ቀጥ ብሏል። አንዱ በስትሮው የባንዲራውን ምሰሶ ጫፍ እያየ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሌላው ክሩን ይጠብቃል። ክሩ ትይዩ እንደሆነ ጫፉ ሲታይ እስከ ምሰሶው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና የተመልካቹን የዓይን ከፍታ ደምሩበት። የሦስት ማዕዘኑ ሁለት አጫጭር ጎኖች እኩል ስለሆኑ ድምሩ የምሰሶው ከፍታ ነው። ምሰሶው 8 ሜትር ቢሆን ዓይኗ 1.55 ሜትር ላይ ያለ እናት 6.45 ሜትር ላይ ትቆማለች፤ 1.10 የሆነው ልጇ 6.90 ላይ። የቆሙበት ቦታ ተለያይቶ መልሱ አንድ ሲወጣ ልጁ እናቱን እንደገና ያስለካታል፣ ያኔ አትቸኩሉ።

ልኬቱ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ነፋስ ክሩን ያወዛውዛል፤ ከበድ ያለ ዳዶ እሰሩ። የጎንደር መሬት ደግሞ አይስተካከልም፤ ከምሰሶው በታች ቁልቁል የቆመ ሰው በቆመበት ዝቅታ ልክ ምሰሶውን ያረዝመዋል። በማግስቱ ጠዋት ፋሲል ግቢ ስትወስዷቸው፣ ርቀቱ የሚለካው እስከ ግድግዳው ሳይሆን ከጫፉ ሥር እስካለው ነጥብ መሆኑን አስታውሷቸው፤ የማማውን ስፋት ግማሽ ይደምሩ። በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ የምትገቡ ከሆነ የጣሪያውን መላእክት ፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው ይቁጠር። የሚነገረው ቁጥር ከአፍ አፍ ይለያያል፣ ስለዚህ ቆጠራው የእውነት ነው። ጫማ ማውለቅ፣ ፍላሽ ማጥፋት። ሁለት ኮስተር ይበቃችኋል።

የመጨረሻው ቀን ከቁርስ በኋላ የማደሪያው ተቆጣጣሪ (ፕሮክተሩ) ክፍል በክፍል ከናንተ ጋር ይዙር፤ አልጋ፣ ፍራሽ፣ አምፖል፣ መስኮት ሲገቡ በተፈረመው ዝርዝር ላይ ይታይ። ክሊራንሱ (ዕቃው በደህና መመለሱን የሚያረጋግጠው ወረቀት) ሳይፈረም መኪናው ላይ ሻንጣ አትጫኑ።