ቅመም ያለው የቤልጂየም ቢራ በቤታችሁ ስትጠምቁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለቤት ጠመቃ የተዘጋጀ ኪት (የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ላይ የታሸገበት) ገዝታችሁ፣ ያውም ቅመም የሚገባበትን ጠንካራውን የቤልጂየም ቢራ ከመረጣችሁ፣ እሰየው። ከ8 እስከ 9 በመቶ አልኮል ያለው፣ ሲቆይ የሚጣፍጥ ቢራ ነው። ግን ጥድፊያ አይወድም። ጠላ በቀናት ውስጥ ደርሶ ሲጠጣ እያየን ላደግን ሰዎች ከባዱ ነገር እሱ ነው።

ከድንብላሉ ልጀምር። ኪቱ ውስጥ ድንብላልና የመራራ ብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። ድንብላል ከጓዳችን ስለማይጠፋ እጃችን ይበዛበታል። ለ19 ሊትር ከ15 እስከ 20 ግራም ይበቃል። እኔ መጀመሪያ ስጠምቅ 50 ግራም ከተትኩበት፤ ከሦስት ወር በኋላ እንኳን ጠርሙሱ ሲከፈት ከብቅሉ ቀድሞ የሚሸተው ድንብላሉ ነበር። ደግሞ አትፍጩት። ሙቀጫ ውስጥ መታ መታ አድርጉትና ፍሬው ስንጥቅ ሲል ተዉት። የሚጨመረው እሳቱ ሊጠፋ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛው ስህተት እርሾውን ገና ትኩስ የሆነ የብቅል ፈሳሽ ውስጥ መጨመር ነው። በጣም ትኩስ ከሆነ እርሾው ይሞታል፤ ባይሞትም ሞቅ ባለ ፈሳሽ ሥራ ከጀመረ ቢራው ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያመጣል፣ ያንን ደግሞ ማስቆየት ብዙም አያስተካክለውም። ድስቱን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡና 18 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እርሾውን ጨምሩ። ሁለት ሦስት ቀን ከ20 ዲግሪ እንዳያልፍ ጠብቁት፣ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ 24 ይውጣ። መጨረሻ ላይ ከቀዘቀዘበት እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ይተኛል።

እርሾውም አይነስ። 11 ግራም ገደማ የሚይዘው አንድ ፓኬት ለተራ ቢራ ነው የሚበቃው፣ ለዚህኛው ሁለት አድርጉት። እርሾው ከመግባቱ በፊት ፈሳሹን በደንብ ናጡት፤ እርሾው ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን አየር የቢራው ጠላት ነው።

ንጽህና ላይ ብዙ አልልም። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፣ ከአየሩም ከብቅሉም የሚመጣው እርሾ ሁሉ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። እዚህ ግን ከፓኬቱ እርሾ ሌላ ማንም እንዲገባ አንፈልግም። ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ በማጽጃ መድኃኒት ይነከር።

አሁን አደገኛው። አረፋው ቆመ ብላችሁ ወደ ጠርሙስ አትገልብጡ! የአረፋ መቆም ምንም አያረጋግጥም። ሃይድሮሜትር ግዙ (ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ ለማወቅ የሚረዳ መለኪያ ነው)፣ ለሦስት ቀን ያው ቁጥር ካሳየ አልቋል ማለት ነው። ያልጨረሰ ቢራ ቆርኪ ውስጥ ሲታፈን ጠርሙሱ ይፈነዳል። አንድ ጓደኛዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሌሊት ፈንድቶ ስባሪው የሣጥኑን በር ቧጥጦት አይቻለሁ። ሰው ቆሞ ቢሆንስ? ሲታሸግ የሚጨመረው ስኳርም በሚዛን ይሁን፣ ለ19 ሊትር 120 ግራም ገደማ፣ በፈላ ውሃ ሟሙቶ። ጠርሙሱ ወፍራም ይሁን።

መመሪያው ሁለት ሳምንት ይበቃል ቢላችሁም ሦስት ወር ስጡት። ስትጠጡት በረዶ አይሁን፣ 12 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ቀስ ብላችሁ ቅዱት፤ አተላው ከጠርሙሱ ሥር ይቅር።