ሁሉም መንጠቆ ነው፤ ግን የትኛው? የአናቶሚ ስሞች ችግርና መፍትሄ

አናቶሚ በምማርበት ዓመት የቃል ፈተና ላይ መምህሩ የትከሻ አጥንት አነሱ። ወደ ፊት ቆልመም ያለችውን ጫፍ በእስክሪብቶ ነካ አድርገው "ይቺ ማናት?" አሉኝ። "ኮሮኖይድ" አልኩ፣ በሙሉ ልብ። አልተቆጡም። ክርናቸውን አጠፍ አድርገው "እሱ እዚህ ነው" አሉና ቀጣዩን ተማሪ ጠሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጀማሪዎችን አስጠንቻለሁ። ሁሉም እዚያው ጉድጓድ ይገባሉ። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስተን መንስኤውን እንፈልግ።

"ትርጉሙን ሳጠና ይብስብኛል"

ልክ ናችሁ፣ ይብሳል። በላቲን "ሃሙስ" ማለት መንጠቆ ነው፤ ከረቡዕ በኋላ የሚመጣው አይደለም። "ሃሙለስ" ትንሽ መንጠቆ ነው። "አንከስ"ም ያው መንጠቆ ነው። "አንሲኔት" መንጠቆ ያለው ማለት ነው። ወደ ግሪክ ብትሸሹ ደግሞ "ኮራክስ" ቁራ ነው፣ "ኮሮኔ"ም ቁራ ወይም ቆልማማ ነገር ነው። ጥንት ስም ያወጡት ሰዎች የቁራ መንቆር አዩና በሁለት ስም ለጠፉት።

በዚያ ላይ አንዱ አጥንት ሁለት ስም ይዞ የኖረበት ጊዜ አለ። የእጅ አንጓ ላይ ያለው ሃሜት በድሮ መጻሕፍት "አንሲፎርም" ይባላል። በ1895 (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ ላይ አናቶሚስቶች ተሰብስበው 50,000 ገደማ የነበረውን የስም ክምር ወደ 5,000 አካባቢ አወረዱት። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከሴኒየር ወደ ጁኒየር የሚወርድ ኖት ግን ይህን አልሰማም።

መፍትሄው፦ ትርጉሙን አንድ ጊዜ አንብቡና እለፉ። የሚለያቸው ትርጉማቸው ሳይሆን ቦታቸው ነው። ቦታውን ለመያዝ ደግሞ የአማርኛ ጆሯችሁ ከላቲኑ ይበልጣል።

"ኮራኮይድና ኮሮኖይድ ይቀያየሩብኛል"

የኔ በሽታ ይሄ ነበር። መንስኤው ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ መሀል ላይ ያሉ ሁለት ፊደላት ናቸው፣ እነሱንም ስንናገር እንውጣቸዋለን።

ኮራኮይድን "ኮራ" ብላችሁ ጀምሩት። የኮራ ሰው ምኑን ይነፋል? ትከሻውን። ኮራኮይድ ትከሻ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈልጉት። አሁኑኑ ክላቪክልን (ከደረት መሀል ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት) ይዛችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። ሁለት ሦስተኛውን ካለፋችሁ በኋላ በጣት ስፋት ያህል ወደ ታች ወርዳችሁ ጫን በሉ። ደንደን ያለ፣ ሲጫኑት ትንሽ የሚያም ጉብታ ታገኛላችሁ። ሦስት ጡንቻዎች እዚያ ይታሰራሉ፦ ፔክቶራሊስ ማይነር፣ ኮራኮብራኪያሊስ እና የባይሴፕስ አጭር ራስ። መሀለኛው ስሙን ከዚያው ወስዷል።

ኮሮኖይድን ደግሞ "ኮሮና" በሉት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ምን ተባልን? "ስታስሉ በክርናችሁ ሸፍኑ።" ሰላምታውም በክርን ሆነ። ማስኩ ደግሞ የት ይለበሳል? መንጋጋ ላይ። (አገጭ ሥር ያንጠለጠልነውም አለን።) ኮሮኖይድ እነዚሁ ሁለቱ ቦታዎች ላይ ነው፤ ክርን ጋ የአልና (ትንሿ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት)፣ ከላይ ደግሞ የታችኛው መንጋጋ። የአልናው ክርን ሲታጠፍ የላይኛው ክንድ አጥንት ላይ ያለች ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። የመንጋጋውን ለማግኘት ጣታችሁን ሰሪሳራ (በዓይንና በጆሮ መሀል ያለው የራስ ጎን) ላይ አድርጉና ጥርሳችሁን ንከሱ። ከጣታችሁ ሥር ያበጠው ቴምፖራሊስ የሚባለው የማኘኪያ ጡንቻ ነው፤ በጉንጭ አጥንት ውስጠኛ በኩል ወርዶ ኮሮኖይድን ይይዛል።

ከዚህ በኋላ ከተሳሳታችሁ ጥፋቱ የኔ ነው።

"ሃሜትና ሃሙለስ አንድ ናቸው?"

አይደሉም። ሃሜት ሙሉ አጥንት ነው፤ ከስምንቱ የእጅ አንጓ አጥንቶች አንዱ። ሃሙለስ ግን የአጥንት ቅጥያ ናት። ግራ የሚያጋባው ሃሜት ራሱ ወደ መዳፍ የምትወጣ ሃሙለስ ያለችው መሆኑ ነው። ስለዚህ "ሃሙለስ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ወዲያው "የማን?" በሉ። የሃሜት አለች፣ የቴሪጎይድ (ከላይኛው መንጋጋ ኋላ ያለ የራስ ቅል አጥንት ክፍል) አለች፣ እንባ ቦይ አጠገብ ያለው አጥንትም አለችው፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍልም ጫፉ ላይ አለችው።

ሃሜትን ለማስታወስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሐሜት መንጠቆ አለው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የሚተላለፈውም በሹክሹክታ፣ ከትንሿ በኩል ነው፤ አጥንቱም ትንሿ ጣት በኩል ነው። መዳፋችሁን ዘርጉ። ትንሿ ጣት በኩል፣ ልክ አንጓው መስመር ላይ ያለችው ድንቡልቡል ፒሲፎርም ናት። ከእሷ ተነስታችሁ ወደ ሌባ ጣት ሥር አቅጣጫ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ሂዱና ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ። ከጥልቅ የሚሰማችሁ የሃሜት መንጠቆ ነው። በሁለቱ መሀል የአልናር ነርቭ ያልፋል። ቴኒስ ወይም ጎልፍ የሚጫወት ሰው የመምቻው እጀታ እዚያው ሲመታው መንጠቆዋ ልትሰበር ትችላለች። ከፊት ለፊት በተነሳ ራጅ ብዙ ጊዜ አትታይም፣ ምክንያቱም ጫፏ ወደ ተመልካቹ ነው። ሲቲ ስካን ያወጣታል።

"አንሲኔት ፕሮሰስ ተብዬ ተጠየቅሁ፤ ሦስት መልስ አገኘሁ"

ሦስቱም ትክክል ናቸው። "አንሲኔት" ቅጽል ነው፤ ብቻውን ስም አይሆንም። "ረጅሙ" ቢሏችሁ "ረጅሙ ምን?" እንደምትሉት ነው። የጥያቄውን ምዕራፍ ተመልከቱ። ስለ አንገት ከሆነ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው አንገት አጥንት ላይ በጎንና በጎን ብድግ ያለው ጠርዝ ነው። ስለ አፍንጫ ከሆነ ኤትሞይድ (በሁለቱ ዓይኖች መሀል፣ ከአፍንጫ ኋላ ያለ አጥንት) ላይ ያለችው ስስ አጥንት ናት፤ የሳይነስ ቀዶ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በእሷ ይጀምራሉ። ስለ ሆድ ከሆነ ቆሽት ነው፤ "ቆሽቴ አረረ" የምንለው ያው ቆሽት። ከቆሽቱ ራስ (ከወፍራሙ ጫፍ) ሥር ወጥቶ ከትልልቆቹ የአንጀት ደም ሥሮች ኋላ የሚጠማዘዘው ክፍል ነው። እዚያ የበቀለ ዕጢ ከሐሞት ቱቦ ራቅ ስለሚል ዓይንን ቶሎ ቢጫ ላያደርግ ይችላል።

"አንከስስ?"

ይህኛው አጥንት አይደለም፤ አንጎል ነው። የቴምፖራል ሎብ (በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) ውስጠኛ ጫፍ ላይ ያለች ጥምዝ ናት። ስሙን በአማርኛ ጆሮ ስሙት፦ አንከስ፣ አነከሰ። ራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር አንከስ ወደ ታች ትንሸራተታለች። ከአንጎል የሚወጣውን ሦስተኛውን ነርቭ ስትጫን በዚያው በኩል ያለው የዓይን ብሌን ይሰፋል። የአንጎል ግንድን ስትጫን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው እጅና እግር ይደክማል። ብሌኑ የሰፋ፣ ጎኑ የደከመ፣ ራሱን እየሳተ ያለ ሰው ካያችሁ ስም ማስታወሱ ይቆይ፤ እርዳታ ጥሩ።

"ላንቃዬ ላይ እብጠት አለ"

ይህ የፈተና ሳይሆን የክሊኒክ ጥያቄ ነው። ከመጨረሻው የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ኋላ፣ ትንሽ ወደ መሀል፣ በምላስ ሲነኩት ጠንከር ያለ ነገር የሚያገኝ ሰው አለ። ዕጢ መስሎት ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። በሁለቱም በኩል እኩል ካለና ካልቆሰለ ብዙ ጊዜ የቴሪጎይድ ሃሙለስ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቢነካው ይለየዋል።

እኔ ከመንጠቆዎች ሁሉ የምወደው ይሄን ነው፤ ሥራው ይሰማላ። ላንቃን የሚወጥረው ጡንቻ ከላይ ይወርድና ጅማቱ በዚህ መንጠቆ ዞሮ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ገመድ በጉድጓድ መዘውር ላይ እንደሚዞረው። ያው ጡንቻ ስንውጥ የጆሮን ቱቦ ይከፍታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ይላል አይደል? ምራቃችሁን ዋጥ ስታደርጉ ጧ ብሎ ይከፈታል። ያኔ ገመዱ መንጠቆው ላይ ተስቧል።