የተከዜው ወፍ ግቢያችሁ እንዲመጣ

አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ ውስጥ ትንሽ ግቢ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ምንቃሩ ቀጭንና ጎበጥ ያለ፣ ከጅራቱ መሃል ሁለት ረጃጅም ላባ የወጣለት ጥቁር ወፍ አበባ ላይ ካያችሁ ፀሐይ እስኪያርፍበት ጠብቁ። ጥላ ውስጥ ከሰል የመሰለው ላባ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ራሱ ደግሞ እንደ ነሐስ ያብረቀርቃል። ሴቷ ቡናማ ግራጫ ስለሆነች ብዙ ሰው አያስተውላትም። ሃሚንግበርድ የሚሉት አሉ፤ አይደለም፣ ሃሚንግበርድ ያለው አሜሪካ አህጉር ብቻ ነው። ይሄ ሰንበርድ ነው፣ የአበባ ወለላ የሚቀስም ወፍ።

እኔ የምወደው በስሙም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት ተከዜን ወሰደ፤ ኬንያና ታንዛኒያ ተራራ ላይ የሚኖረው ሳይቀር ዛሬም የሚጠራው በዚህ ወንዝ ነው። ሥራውንም አማርኛ ክብር ሰጥቶታል፦ አበባ ይቀሰማል፣ እውቀትም ይቀሰማል።

እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ስኳር በጥብጣችሁ አትስቀሉ። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይበላሻል። አበባ ትከሉ። ቀላሉ እሬት ነው፦ ከእናቱ ሥር የበቀለውን ትንሹን ገንጥላችሁ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ውሃ የማይቋጥር አሸዋማ አፈር ላይ ትከሉት። ክረምት ላይ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ለማበብ ጊዜ ይወስዳልና አትንቀሉት። ቦታ ካላችሁ አሽንዳ (የዝንጀሮ አገዳ የሚሉትም አሉ) እና ራስ ክምር ጨምሩ፤ አጥር ዳር ደግሞ ኮሸሽላ፣ እሾሁ ቢያስቸግርም ቀይ አበባውን ወፉ በጣም ይወደዋል። ይሄ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀስመው ቁጭ ብሎ ስለሆነ ጠንካራ አገዳ ያለው አበባ ይመቸዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ቅርንጫፍ ሁሉ አትከርክሙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አበባውን ተክሎ ፀረ ተባይ ይረጫል። ጫጩቶቹ የሚያድጉት በትንንሽ ነፍሳትና ሸረሪት ነው፣ ስለዚህ መርጨቱን ተዉት። የሸረሪት ድሩንም ከአጥሩና ከዛፉ ጠራርጋችሁ አታጥፉ፤ ሴቷ ጎጆዋን የምታያይዘው በሱ ነው። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ በጎኑ ቀዳዳ ያለው ከረጢት የመሰለ ነገር ካያችሁ ጎጆ ነውና ሞባይል ይዛችሁ አትጠጉ፣ ልጆቹንም ከሩቅ አሳዩአቸው።