«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ»? ሀብት የእምነት እንቅፋት እንዳይሆን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተረቱን በጎንደር ከአራዳ እስከ አዘዞ የማያውቀው የለም። ጌታችን ግን ባለጠጋ ወደ መንግሥተ ሰማያት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል ብሏል (ማቴ. 19፡24)። ሀብት በራሱ ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ባለጠጋ ነበር፤ የጌታን ሥጋ በአዲሱ መቃብሩ ያኖረው የአርማትያሱ ዮሴፍም ባለጠጋ ነበር። የሚጎዳው ገንዘቡ ከኪስ ወጥቶ ልብ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ልብ ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው ደግሞ በንግግር ሳይሆን በሚዛን፣ በደመወዝ፣ በስለትና በብድር ነው።

ቃሉን ማለዘብ

«የመርፌ ቀዳዳ ማለት በኢየሩሳሌም የነበረች ጠባብ በር ናት፤ ግመል ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ያልፍባት ነበር» ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። በጌታ ዘመን እንዲህ የምትባል በር ለመኖሯ ማስረጃ የለም። ትርጓሜው የሚወደደው እንደ ምንም ተጎንብሰን እናልፋለን የሚል ተስፋ ስለሚሰጥ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ግን ቃሉን ሲሰሙ ደንግጠው «እንግዲያ ማን ሊድን ይችላል?» አሉ። መልሱም በሰው ዘንድ አይቻልም፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል የሚል ነበር። ባለጠጋ የሚድነው ጎንበስ የማለት ብልሃት ስላለው አይደለም። ማርቆስ አንድ ነገር ጨምሮ ጽፏል፤ ጌታ የዘላለም ሕይወትን ፍለጋ የጠየቀውን ያን ባለጠጋ ጎልማሳ «ያለህን ሽጥ» ከማለቱ በፊት ተመልክቶ ወደደው (10፡21)። ትእዛዙ ከፍቅር የወጣ እንጂ የቅጣት አልነበረም።

አሥራትን ከተራረፈው ማውጣት

እስኪ በአንድ ሱቅ ሒሳብ እንየው። በወር 90,000 ብር ሸጠ። ዕቃው 70,000 ብር ፈጅቷል፤ የቤት ኪራይ፣ ማጓጓዣ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር 8,000 ብር ሆኗል። የቀረው 12,000 ብር ትርፍ ስለሆነ አሥራቱ 1,200 ብር ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለሱቁ ከ12,000 ብሩ ላይ ጤፉን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕድሩን፣ የስልኩን ካርድ፣ ዕቁቡን ይቀንስና 500 ብር ይቀረዋል፤ 50 ብር አውጥቶም ልቡ ይረጋል። ዕቁብ ወጪ አይደለም፤ ዞሮ የሚመጣ የራስ ገንዘብ ነው። በዚያው ልክ ዕቁቡ የወጣ ቀን ከዚያ ላይ ዳግመኛ አሥራት ማውጣት አያስፈልግም፣ መጀመሪያ ሲገኝ ወጥቶለታልና።

የሚረዳው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። የወሩ ትርፍ እንደታወቀ፣ ለቤት ወጪ አንድ ብር ሳይነካ፣ አሥራቱ ለብቻው ይቀመጥ። «በኩራት» መባሉም ለዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ማለት ነው።

በጎደለ ሚዛን ነግዶ ለታቦት መስጠት

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል፤ ከውጭ ሲያዩት ደግነት ይመስላልና። በርበሬ ወይም ሽሮ የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛኑ በኪሎ 50 ግራም ብቻ ቢያጎድል፣ በቀን 40 ኪሎ ሲሸጥ 2 ኪሎ ይቀራል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 50 ኪሎ፣ በዓመት 600 ኪሎ፣ ማለትም 6 ኩንታል ሆነ። ያው ነጋዴ ለዓመቱ ንግሥ 1 ኩንታል ስንዴ ለመገበሪያ (ለቅዳሴው ኅብስት) ሰጥቶ በምእመናን ፊት ተመረቀ እንበል። ስንዴው የራሱ አይደለም። ከድሃ ሴቶች ዘንቢል በ50 ግራም እየተቆነጠረ የተሰበሰበ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ከድሆች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብን ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያመሳስለዋል፤ ከዚህ የጠነከረ ቃል ማግኘት ይከብዳል።

ሚዛኑን ለመፈተሽ ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውኃ በቂ ነው። ውኃው 1 ኪሎ፣ ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ነው። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ80 ግራም ገደማ ካሳየ በገዢው ላይ እየተጨመረበት ነው።

የተወሰደውን ለመመለስ ዘኬዎስን ማየት ነው (ሉቃ. 19፡8)። እኩሌታውን ለድሆች፣ ያታለለውን አራት እጥፍ አለ፤ ምጽዋቱንና ዕዳውን አላቀላቀለም። ደንበኛው ከታወቀ ለራሱ ይመለስለታል፤ የኦሪቱ ሕግ አምስተኛ እጅ ጨምሮ ይላል (ዘኁ. 5፡7)። ካልታወቀ የንስሐ አባት በሚያዙት መሠረት ለነዳያን ይሰጣል። ይህ ዕዳ ስለሆነ «እገሌ ሰጠ» ሊባልበት አይገባም።

የሠራተኛን ደመወዝ ማዘግየት

ከጎንደር ወደ መተማና አርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱትን እናስብ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገየ ፍሬው ከፍቶ ይረግፋል። በዚያ ሳምንት ባለእርሻው ለተጠየቀው ዋጋ ሁሉ እሺ ይላል። ሰሊጡ ተወቅቶ ጆንያ ከገባ በኋላ ግን «እስክሸጥ ታገሡ» ይጀመራል። ሠራተኛው በወባ ተይዞ፣ የመሳፈሪያ እንኳ አጥቶ የሚቀርባት ሳምንት ይህች ናት። ያዕቆብ 5፡4 ላይ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸታቸውም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ኦሪት ዘዳግም 24፡15 ደግሞ ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው ይላል። ስለዚህ የአጨዳው ገንዘብ አጨዳው ሳይጀመር ተለይቶ ይቀመጥ። ከተማ ላይ ላለው የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛም ነገሩ ያው ነው።

ያልተፈለገውን መስጠት፣ ያውም በማይክሮፎን

ስለት ሲባል ጥላ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ይቀድማል፤ ይታያላ! ዕቃ ቤቱ በጥላ ተሞልቶ የመገበሪያ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ የሚያጥርበት ደብር አለ። ጎንደር በአታ የአቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያ ናት፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው ተማሪ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና የመድኃኒት መግዣ ነው። ከመሳልዎ በፊት ሰበካ ጉባኤውን «ምን ጎደለ?» ብለው ይጠይቁ። ሲሰጡም ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ስምዎ እንዳይነሣ ከፈለጉ በክርስትና ስም ብቻ ያስጽፉት። «ወለተ ማርያም» ሲባል ከሰው መካከል ማንነቷን የሚያውቅ የለም፤ ግራ እጅህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ የተባለውም በዚህ ይፈጸማል።

«ይህን ያህል ካተረፍሁ ይህን እሰጣለሁ» የሚለውም ከስለት ይልቅ የንግድ ውል ይመስላል። ትርፉ የቀረ ዕለት እምነቱም አብሮ ይቀራል።

ለተዝካር መበደር

ለአርባው በሬ ተጥሎ፣ ጠላው በጋን ተጠምቆ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ዕዳ ይገፋል። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። መገበሪያ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ አቅርቦ ማስቀደስ፣ ከዚያ በደጀ ሰላም ያሉትን ነዳያን አቅም በፈቀደ ማብላት ይበቃል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ከሟቹ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ለጥምቀትም እንዲሁ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ መልበስ ያምራል፤ ቀሚሱ በብድር ከተገዛ ግን ወደ ፋሲል መጠመቂያ የወረደው ልብ ሲያስብ የሚውለው ስለ አበዳሪው ነው።

«እኔ ድሃ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ማለት

ጳውሎስ የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው (1ኛ ጢሞ. 6፡10)። ለመውደድ ደግሞ ገንዘቡ በእጅ መኖር የለበትም። በአንዲት ላም ወይም በግማሽ ጥማድ መሬት ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይካሰሳሉ።

ንስሐ ሲገቡ ገንዘብን መዝለል

ጾም መግደፍ፣ ሐሜት፣ ቁጣ ለንስሐ አባት ይነገራል። አራጣ ግን አይነሣም። በወር 10 በመቶ ታስቦ 50,000 ብር የተበደረ ሰው በ10 ወር 50,000 ብር ከፍሎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይጠብቀዋል። አበዳሪው ዓርብና ረቡዕን እየጾመ ይህን ሲያስከፍል «ንግድ ነው» ይላል፤ ዘጸአት 22፡25 ግን ለድሃ ያበደርህበትን ወለድ አትጫንበት ይላል።

ወደ ንስሐ አባት ሲሄዱ የዱቤና የብድር ደብተሩን ይዞ መሄድ ይረዳል። ከማን ምን ያህል ወለድ ተወሰደ፣ የማን ደመወዝ ቀረ፣ የትኛው ውርስ በጉልበት ተያዘ የሚለው ገጽ በገጽ ይታያል። በአራጣ የተያዘው ብድር ወለዱ ቀርቶ የተከፈለው ከዋናው ይታሰብ፤ 50,000ውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው የመያዣ ወረቀቱ በዚያው ሳምንት ይመለስለት።