መምህራን ልጆቻቸውን ክረምት ሲያስቀሩ የቤት ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ክፍያ እንዴት ይተመናል?

ነገሩ የሚጀምረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እናት ልጇን ልትወስድ ትመጣለች። ቡና ተፈልቷል፣ አንድ ስኒ ትጠጣለች። ከዚያ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ “እትዬ፣ ሐምሌና ነሐሴ እኔም ቤት ነኝ። መስከረም ላይ አመጣዋለሁ” ትላለች። እኔም “አብሽሪ፣ ምን ችግር አለ” እላለሁ።

ችግርማ አለ።

ደሴ ውስጥ፣ በቤቴ፣ ስድስት ልጆች አውላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱ የመምህራን ልጆች ነበሩ። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ወጡ። የቤት ኪራዩ ግን አልወጣም። ረዳቴም “ልጅ ቀንሷልና ደመወዜን ቀንሱልኝ” አላለችም፣ ልትልም አይገባም። መስከረም ላይ ሁለቱ ተመለሱ። ሦስተኛዋ እናት ልጇን ሌላ ቦታ አስገብታዋለች። እኔ ደግሞ ለእሷ ልጅ ብዬ አንድ ጨቅላ መልሼ ነበር። በማን ልናደድ? ምንም አልተነጋገርንማ።

ከዚያ ወዲህ የክረምቱን ሂሳብ የምጨርሰው ልጁ ሲመዘገብ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። እንዴት እንደምሠራው ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ማን እንደሚቀር እወቁ

ምዝገባ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ “ክረምት ልጁ ይውላል ወይስ አይውልም?” መልሱን አትገምቱ። እኔ መምህር ሁሉ ክረምት ቤቱ ይመስለኝ ነበር። ግን ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩ መምህራን አሉ። እንዲህ ዓይነቷ እናት ማቆያ በጣም የሚያስፈልጋት ያኔ ነው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሂሳባችሁ ይለያል። ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ክረምት ብሎ አይዘጋም፤ እናቶቹም ይሠራሉ። ከስድስት ልጅ አንድ ብቻ የሚቀር ከሆነ ይህን ሁሉ ስሌት መሥራት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለፍልሰታ አገር ቤት የሚሄዱትን ለብቻ ያዟቸው። ራያ ቆቦ ለሶለል፣ ላስታ ለአሸንድዬ በዓል ልጁን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው የሚቀረው። ይህ ክረምት ማረፍ አይባልም። ሙሉ ወር ይከፈላል። ለዒድ ለሚሄዱትም እንደዚያው።

ቀጥሎ፦ የዓመቱን ወጪ ደምሩ

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቀን ያንኑ እንጠራለን። ጎረቤቷ ግን በራሷ ቤት ትኖር ይሆናል፤ እናንተ ተከራይታችሁ ይሆናል።

ወረቀት አውጡ። የወር ወጪያችሁን ጻፉ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸውና የራሳችሁን ተኩባቸው። ኪራይ 6,000 ብር፣ ረዳት 4,000፣ ከሰል፣ መብራትና ውሃ 1,200፣ ሳሙናና ሶፍት 2,000፣ የእናንተ የራሳችሁ ደመወዝ 6,800። ድምሩ 20,000 ብር ይመጣል። ምግብ እናቶች በምሳ ዕቃ ስለሚልኩ አላስገባሁትም።

የራሳችሁን ደመወዝ አትዝለሉ። “የሚተርፈውን እወስዳለሁ” የምትል ሴት ክረምት ላይ የሚተርፍ አታገኝም።

20,000 በ12 ሲባዛ 240,000 ነው። ስድስት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቢውል ለአንድ ልጅ በወር 3,333 ብር ይደርሳል። አሁን ሦስቱ ሐምሌና ነሐሴ ቀሩ እንበል። የጎደለው ስድስት የልጅ ወር (ሦስት ልጅ ሲባዛ በሁለት ወር) ነው፣ በብር 20,000 ገደማ። የአንድ ሙሉ ወር ወጪ ማለት ነው።

“ልጅ ሲቀንስ ወጪም ይቀንሳል” የሚል ሰው ደሴን በክረምት አያውቃትም። ጉሙ ወርዶ የጦሳ ተራራ የማይታይበት ሳምንት አለ። የልጅ ጨርቅ ታጥቦ አይደርቅም። ቤቱ እንዲሞቅ ከሰሉ ይጨምራል፣ ያውም የረጠበ ከሰል። የሚቀንሰው ሳሙናና ሶፍት ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ። እኔ በወር 1,000 ብር ቀንሼ እይዛለሁ፣ ለሁለት ወር 2,000። ስለዚህ ከዓመቱ መሰብሰብ ያለበት 238,000 ብር ነው።

ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ምረጡ

አንደኛው ቀላል ነው፦ የሚቀር አይከፍልም፣ ቦታም አይያዝለትም። ስሌቱ 238,000 ለ66 የልጅ ወር (ከ72ቱ ስድስቱ ሲቀነስ) ሲካፈል 3,606 ብር ነው። ልብ በሉ፣ ጭማሪው ክረምትም በሚያውሉት እናቶች ላይ ነው የወደቀው። የነርሷ ልጅ የመምህሯን እረፍት ይከፍላል። ይህን አልወደውም።

ሁለተኛው የዓመቱን ክፍያ በ10 ወር መሰብሰብ ነው። ለአንድ ልጅ 40,000 ብር ከሆነ፣ በወር 4,000 እየከፈለች ሐምሌና ነሐሴ ምንም አትከፍልም፤ ቦታዋም ይጠበቃል። ደመወዟ ለ10 ወር ብቻ ለሆነ እናት ይመቻል። ግን ሁለት ችግር አለው። እናትየዋ 4,000ን ከጎረቤቷ 3,333 ጋር አስተያይታ “ለእኔ ለምን ተወደደ?” ትላለች። ሌላው ራሳችሁ ናችሁ። በየወሩ የምትከፍላችሁን ትርፍ 667 ብር ለሐምሌ ካላስቀመጣችሁ ጥቅም የለውም። እኔ አላስቀመጥኩም ነበር፣ አልዋሽም።

ሦስተኛው የእኔ ነው፦ የምትቀር እናት ለሁለቱ ወራት ግማሽ ትከፍላለች፣ ቦታው ይጠበቅላታል። 66 ሙሉና 6 ግማሽ ወር፣ ድምሩ 69። 238,000 ለ69 ሲካፈል 3,450 ብር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምታውለው 41,400 ትከፍላለች። መምህሯ 10 ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር 1,725፣ በጠቅላላው 37,950። ወጪው ተሸፈነ። የመንግሥት መምህር ደግሞ ክረምትም ደመወዝ ስላላት ግማሹ ከአቅሟ በላይ አይሆንም።

“ልጄ ሳይውል ለምን እከፍላለሁ?” ለምትል መልስ ያስፈልጋችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የወለደች ሴት ሐምሌ ላይ ሥራ ትመለሳለች። በሬን የምታንኳኳው ልክ የመምህሯ ልጅ ቦታ ባዶ ሲሆን ነው። እሷ የምትፈልገው ደግሞ የሁለት ወር ቦታ አይደለም፣ የዓመት ነው። እሷን “ቦታ የለኝም” ብዬ እመልሳለሁ። ግማሹ የዚያ መልስ ዋጋ ነው። እንዲህ ሳስረዳ እስካሁን የተቆጣችኝ አንዲት እናት ብቻ ናት።

ጽፋችሁ አስፈርሙ

ይሉኝታ እዚህ ላይ ይመጣል። ጎረቤትሽን፣ አብራሽ ዱአ የምትቀመጠውን፣ ማኅበር የምትጠጪውን፣ “ፈርሚ” ማለት ይከብዳል። ግን ወረቀቱ ወዳጅነቱንም ይጠብቃል። የእኔ ግማሽ ገጽ ነው። የክረምቱ ክፍል እንዲህ ይላል፦

“ልጄ ሐምሌና ነሐሴ አይውልም። ይህንን እስከ ግንቦት 30 አሳውቃለሁ። የሁለቱን ወራት ግማሽ ክፍያ እስከ ሰኔ 25 እከፍላለሁ። እስከ መስከረም 10 ልጄን ካላመጣሁ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ የከፈልኩትም አይመለስም።”

የሁለቱን ወር ሰኔ ላይ አንድ ላይ ተቀበሉ። ክረምት ላይ እናትየዋ አገር ቤት ናት፣ ኔትወርክ የለም፣ ቴሌብር አልሠራም ይባላል። የግብር ወቅትም ይመጣል፤ እጃችሁ ባዶ ሆኖ አይድረስባችሁ።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮችም ጻፉ። ነሐሴ ላይ “ለቅሶ ገጠመኝ፣ ሁለት ቀን ያዥልኝ” ብትልስ? 3,450 ለ22 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 157 ነው። ግማሹን ስለከፈለች 80 ብር አስከፍላታለሁ። ጳጉሜን ደግሞ አላስከፍልም። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜ ተጨማሪ አያገኝም፣ ከየት ታምጣ? በምትኩ እዘጋለሁ። ምንጣፍ ታጥቦ፣ ግድግዳ ተቀብቶ፣ እኔም እግሬን ዘርግቼ የምቀመጥባቸው ቀናት እነሱ ናቸው።

ባዶውን ቦታ ለክረምት ልጅ ስጡ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የኬጂ ልጆች ቤት ይቀራሉ። የባንክና የሆስፒታል ሠራተኛ ግን አይቀርም። ከየወረዳው ለክረምት ትምህርት ደሴ የሚመጡ እናቶችም ጨቅላ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ለእናንተም የሚመቸው እሱ ነው። ለአጭር ጊዜ ስለሆነ በወር 4,000 እላለሁ። መውጫ ቀናቸው ነሐሴ 30 እንደሆነ ገና ሲገቡ ይነገራቸዋል።

በአንድ ልጅ ቦታ ላይ የክረምት ልጅ ከገባ ለቋሚዋ እናት የከፈለችውን ግማሽ ክፍያ እመልስላታለሁ። ለአንድ ቦታ ከሁለት ሰው መቀበል አልዋጥልህ አለኝ። ሌላ ሰው ላይመልስ ይችላል፣ መብቱ ነው። ብቻ ከመጀመሪያው ይነገር።

ቀድሞ ያለ ውል ያስገባችኋቸው ካሉ ሐምሌ ላይ አትጀምሩባቸው። ዘንድሮ እንደነበረው ይለፍ። አዲሱን ደንብ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ንገሯቸው፣ ከመስከረም ይጀምር። የዋጋ ጭማሪ ካለም ያኔውኑ አብሮ ይነገር፤ ሁለት ጊዜ ክፉ ወሬ አታምጡ።

መስከረም ላይ የሚመለሱት ልጆች ረስተውን ይመጣሉ። ሁለት ወር እናቱ ጉያ የከረመ ልጅ በር ላይ ሲደርስ አገር ይያዝልኝ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ አውላቸዋለሁ፤ እናትየዋም ከፈለገች አብራ ትቀመጣለች። ለዚያ የተለየ ክፍያ የለም፤ ከግማሹ ውስጥ ቆጥሬዋለሁ።