ፖሌንታ እምቢ ሲል

ፖሌንታ ከተሸረከተ በቆሎ የሚማሰል፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ የጣሊያኖች ምግብ ነው። ሱሉልታ ከገባን ወዲህ ስንት ቁና በቆሎ አበላሽቼ ነው የገባኝ፤ የሚበዛው ጥፋት ከወፍጮ ቤቱና ከጥድፊያ ነው።

ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። አልበሰለም ማለት ነው። እኛ ጋ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እሳት ብትጨምሩ ሥሩ ያርራል እንጂ ቶሎ አይበስልም። ጣሊያኖቹ 40 ወይም 45 ደቂቃ ይላሉ፤ እዚህ አንድ ሰዓት ቁጠሩ። አንድ ስኒ በቆሎ በአምስት ስኒ ውኃ ጀምሩ። የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ አጠገባችሁ ይኑር፤ እየወፈረ ሲያስቸግር ጠብ ታደርጉበታላችሁ። መብራት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ማታውኑ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ጊዜው ያጥራል።

እንደ ገንፎ ተለጠፈ። ዱቄቱ ልሞባችኋል። ባለ ወፍጮውን «ወንድሜ፣ ሸርክተህ አውጣልኝ፣ አታልመው» በሉት። ከዚያ በወንፊት ንፉት፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ለፖሌንታ፣ የወረደው ለገንፎ።

ተጓጎለ። በአንዴ ደፍታችሁት ነው፤ የጓሉ ውጪ ቀድሞ በስሎ ውስጡን ደረቅ ዱቄት አድርጎ ይዘጋዋል። ገንፎ ላይ ጓል በማማሰያ እየተደፈጠጠ ይጠፋል፤ ፖሌንታ ግን ቀጭን ስለሆነ እየተንሸራተተ ያመልጣል። በግራ እጅ እየነሰነሳችሁ በቀኝ አማስሉ። ጣሊያኖችም አበታተኑን «እንደ ዝናብ» ነው የሚሉት።

መረረ። በቆሎው ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ ዘይት አለው፤ ከነዘይቱ የተፈጨ ሲቆይ ይበላሻል። መፍትሄ የለውም፣ ድፉት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት አስፈጩ።

ሳይቀርብ ረጋ። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። እንግዳው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ አውጡት፣ የቲማቲም ስልስ ከላይ። የረጋውን ጣውላ ላይ ገልብጣችሁ በክር ቁረጡት፤ ቢላዋ ይለጥፈዋል። መጥበስ ካማራችሁ ግን ሳታሳድሩት አትሞክሩ፣ ዘይቱም በደንብ ይጋል፤ አለበለዚያ መጥበሻው ላይ ይፈራርሳል።

አማቴ ይህን ሁሉ አይሰሙም። መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ ይጨምሩበትና «ገንፎሽ ዛሬ ቀጥኗል» ይሉኛል።