የግቢን ሳር በማገጥ መተካት፦ ለጎንደር አየር የሚስማማ አሠራር

ግቢውን አረንጓዴ ማድረግ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ዘወትር ውኃ የሚጠጣና በየሳምንቱ የሚታጨድ ሳር ነው። በሌሎች አገሮች ግን በሳሩ ፋንታ ክሎቨር የሚባለውን፣ የእኛ አገር ማገጥ ዘመድ የሆነውን ሦስት ቅጠል ተክል መዝራት እየተለመደ መጥቷል፤ ተክሉ ዝቅ ብሎ ስለሚሰፋ አዘውትሮ ማጨድን አይጠይቅም፣ ናይትሮጅንንም ከአየር ስለሚያገኝ ዩሪያ አያስፈልገውም። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ምክሩ የወጣው ዝናብ በዓመቱ ወራት ተከፋፍሎ ከሚዘንብባቸው አገሮች ነው። ጎንደር ላይ አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጠቃለላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ ደረቅ ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ክሎቨር የሚዘራ ሰው ዘር ከመፈለጉ በፊት «በበጋ የማጠጣው ውኃ አለኝ ወይ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ የዘሩ ዓይነትም ሆነ የመሬቱ ስፋት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ሒሳቡን በጀሪካን ማስላት ይቀላል። በስፋት የሚታወቀው ነጭ ክሎቨር ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው፣ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር ወደ 15 ሊትር ውኃ ቢመደብለት ጥሩ ነው። መሬቱ 20 ካሬ ሜትር ከሆነ በሳምንት 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። የጉድጓድ ውኃ ወይም ሰፊ ታንከር ያለው ሰው ሊያስበው ይችላል፤ የሌለው ግን ነጭ ክሎቨርን ትቶ ከዚህ በታች ወደምገልጸው የአገር ውስጥ ዘመዱ ቢሄድ የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

ያ ዘመድ ማገጥ ነው። የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በርካታ የማገጥ ዝርያዎች የሚገኙበት ምድር ሲሆን፣ ሁሉም በሳይንሱ አጠራር ትሪፎሊየም በሚባለው የክሎቨር ወገን ውስጥ ይመደባሉ። በክረምት በየሜዳው፣ በየማሳው ድንበርና ውኃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ሐምራዊ አበባ አውጥተው የሚታዩት አብዛኞቹ የአንድ ዓመት ተክሎች ናቸው፤ በዝናብ ይበቅላሉ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ያብባሉ፣ ዘራቸውን ጥለው ይደርቃሉ። ከነዚህ አንዱ፣ ትሪፎሊየም ሩፔሊያኑም፣ የሚጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ በነበረው በጀርመናዊው ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ከዓመታዊዎቹ በተጨማሪ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ፣ ግንዱ በምድር ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ ትሪፎሊየም ሴሚፒሎሱም የተባለ ዝርያም አለ። ይህኛው በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኝ የአገራችንም ተክል ሲሆን፣ ሥሩ ከነጭ ክሎቨር ይልቅ ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ድርቅን በተሻለ ይችላል። ወደ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ላለው የጎንደር ግቢ ዋናው ምርጫ እርሱ ቢሆን፣ የአንድ ዓመቱ ማገጥም መሙያው ቢሆን መልካም ነው።

ሴሚፒሎሱምን ለማግኘት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ዘር መፈለግ ሳይሆን፣ ክረምቱ ከጸና በኋላ ሥር የሰደደውን ተሳቢ ግንድ ከነአፈሩ ቆርጦ ማምጣት ነው። ቦታው የሌላ ሰው መስክ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከሆነ ባለቤቱን ወይም አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ ይገባል። የተቆረጠው ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ሥር ያላቸው አንጓዎች ሊኖሩት ይገባል፤ በዚያው ዕለት ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይተከላል። የዓመታዊውን ማገጥ ዘር ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ መልቀም ይቻላል። አንዱን ራስ በመዳፍ ውስጥ አሽቶ እፍ ሲሉት ገለባው ይበናል፣ ክብ ክብ ያሉት ደቃቅ ዘሮችም መዳፍ ላይ ይቀራሉ፤ ባዶ ገለባ ብቻ ከሆነ ገና አልበሰለም ወይም ነፍሳት በልተውታል። በዚህ ጊዜ ከሁለት አሳሳቾች መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሲቀምሱት የሚጎመዝዝ አረም ነው፤ ሌላው ደግሞ ቢጫ አበባ ያለውና ልብስና የበግ ጠጉር ላይ የሚጣበቅ እሾኻማ ፍሬ የሚያፈራ ሲሆን፣ ልጆች በባዶ እግራቸው በሚሮጡበት ግቢ አንዴ ከገባ ለመውጣቱ ዓመታት ይፈጃል።

የማገጥ ዘር ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ከፊሉ በመጀመሪያው ዓመት ውኃ ሳይስብ ይቀራል። ይህ ለተፈጥሮው ጥበቃ ነው፤ ለዘሪው ግን ቅሬታ ይሆናል። መፍትሔው ዘሩን ከደረቅ ሻካራ አሸዋ ጋር በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ በእጅ አጥብቆ ማሸት ነው፤ አሸዋው ቆዳውን ይጭራል፣ ከዘሩም ጋር አብሮ ሲዘራ እኩል ለመበተን ያግዛል።

መሬቱን ማዘጋጀት ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ክፍል ነው። ግንቦት ላይ የቆየውን አረም ከነሥሩ ነቅሎ አፈሩን በጥልቀት መቆፈርና ጓሉን ማድቀቅ፣ ከዚያም የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች አዲስ አረም እስኪያበቅሉ ጠብቆ ያንን በመኮትኮቻ እየላጉ ማስወገድ ይገባል። ይህን ጥበቃ የሚዘልል ሰው ሐምሌን በሙሉ ከማገጡ መካከል አረም ሲለቅም ያሳልፋል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ በተለይ በአዘዞ በኩል እንዳለው ሜዳማ መሬት ላይ፣ ውኃው እንዳይተኛ ገበሬው ማሳው ላይ እንደሚያወጣው ያለ ፈሰስ በግቢውም ዳር ማውጣት ያስፈልጋል። ዓመታዊዎቹ ማገጦች የተኛ ውኃን በመጠኑ ይታገሣሉ፤ ነጭ ክሎቨርና ሴሚፒሎሱም ግን ለረጅም ጊዜ ከተጥለቀለቁ ይበሰብሳሉ። በቀይ አፈር ላይ ያለ ሰው የሚቸገረው በውኃ ሳይሆን በፎስፈረስ እጥረት ነው፤ ስለዚህ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ፣ ከተገኘም በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 10 ግራም ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ መጨመር ይጠቅማል። ዩሪያ ግን መጨመር የለበትም፤ ሳሩን አፋፍቶ ማገጡን ያስውጠዋል።

ዘሩ የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዶፉ ሲበርድ መዝራት ለዓይን የሚመች ቢመስልም፣ ችግኙ በጋው ሳይደርስበት ሥሩን ወደ ታች ለመላክ ጊዜ ያጣል። የአዘራሩ ሥርዓት እንደ ጤፍ ነው፦ የዘር ማሳው የላመና ላዩ የተደለደለ ይሁን፣ ዘሩ ከላይ ይበተን፣ አይቀበር። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃል፤ ግማሹን በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን ደግሞ አቋርጦ መበተን ባዶ ቦታ እንዳይቀር ይረዳል። ከዚያ በእግር ወይም በጣውላ ቀስ ብሎ መጠቅጠቅ፣ በላዩም የጤፍ ጭድ ሳሳ አድርጎ መነስነስ ዶፍ ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስደው ይከላከላል። ርጥበት ካልተጓደለ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። በዚህ ሰሞን ትልቁ ጠላት ዶሮ ነው፤ የጎረቤት ዶሮ የሚገባበት ግቢ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ መታጠር አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ በሥሩ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ክሎቨር ናይትሮጅን የሚያገኘው ሪዞቢየም ከተባለ ባክቴሪያ ጋር ተባብሮ ሲሆን፣ የአፍሪካ ማገጦች የሚስማማቸው የባክቴሪያ ዓይነት ለአውሮፓው ነጭ ክሎቨር ከሚስማማው ይለያል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የነጭ ክሎቨር ዘር ለብቻው ሲዘራ ሊጫጫ ይችላል፤ ዘሩ በባክቴሪያ የታሸ መሆኑን ከሻጩ መጠየቅ ብልኅነት ነው። ለማገጥ ግን መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ማገጥ በብዛት ከሚበቅልበት ቦታ አንድ ሁለት ባልዲ የላይኛውን አፈር አምጥቶ በዘር ማሳው ላይ መበተን ይበቃል፤ ከነአፈሩ የተተከለ ቁራጭም ባክቴሪያውን ይዞ ይመጣል። ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ሥሩን በውኃ አጥቦ ማየት ይቻላል። በሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ ናይትሮጅን እያገኘ አይደለም፣ ቅጠሉም ቶሎ ቢጫ ይሆናል።

ከጸና በኋላ የሚጠይቀው እንክብካቤ ጥቂት ነው። በክረምት ሁለት ሦስት ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር እያስቀሩ በማጭድ ማጨድ ይበቃዋል። ንብ የሚፈራ ወይም ሕፃናት ያሉበት ቤት አበባው እንደፈካ ቢያጭድ ይሻላል፤ ቀፎ ያለው ሰው ደግሞ ቢተወው ይጠቀማል፤ በዓመታዊው ማገጥ ላይ ግን የመጨረሻው አበባ ዘር እስኪይዝ መተው ግዴታ ነው፤ አለዚያ የሚመጣው ክረምት ባዶ መሬት ያሳያል። የታጨደው ለበግና ለላም ግሩም መኖ ነው። ነገር ግን የተራበ ከብት ርጥብ ማገጥ በብዛት ከበላ ሆዱ ሊነፋና ሊሞት ይችላል፤ አጠውልጎ ከጭድ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ይህን ይቀንሳል። ለአረም ደግሞ የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨውን ቱፎርዲ ወደዚህ ማቅረብ አይገባም፤ መድኃኒቱ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት የተሠራ ስለሆነ ማገጡንም ይጎዳል።

ማገጥ ብርቱ መረገጥን አይችልም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወይም የሰርግ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ለሰርዶ ይተው፤ ከበር እስከ ቤት ባለው መተላለፊያም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። እንዲያውም ውኃ ለሚያጥረው ቤት ከሁሉ የምመርጠው ሰርዶና ማገጥን ቀላቅሎ መያዝ ነው፦ በክረምት ማገጡ ይሰፋል፣ ናይትሮጅኑንም ለሰርዶው ያካፍላል፤ በጋ ሲመጣ ማገጡ ይደርቃል፣ ሰርዶው ግን ከሥሩ ሆኖ ይቆያል። ሴሚፒሎሱም የተተከለበት ጥላ ያለበት ጥግ ካለ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ የቤቱ የአትክልት ማጠቢያ ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ እስኪጠግብ ቢፈስለት ይበቃዋል፤ በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና የገባበት ውኃ ግን አይፈስም። በመጀመሪያው በጋ መጨረሻ ላይ ባዶ የቀሩ ቦታዎች ካሉ፣ ግንቦት ላይ አፈሩን በመኮትኮቻ ጫር ጫር አድርጎ፣ የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ የተቀመጠውን ዘር እንደገና መበተን ነው።